ኦፕን ሶርስ ሰፈር ሃከር ለመባል ከየት ይጀመራል?

ኮምፒዩተር እንደምትነካኩ የሰማ ዘመድ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «የተዘጋብኝን ፌስቡክ ታስከፍትልኛለህ?» እሱ ካልሆነ የጎረቤት ዋይፋይ ነው። ሃከር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ያው ኮፍያ ያለው ሹራብ የለበሰ ልጅ፣ ጨለማ ክፍልና ስክሪን ላይ የሚዘንብ አረንጓዴ ፊደል ነው። ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱን ማንም አይቶ እንዲያሻሽለው የተፈቀደ ሶፍትዌር፣ የሚሠሩ ሰዎች መሃል ስትገቡ ግን ቃሉ ሙገሳ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እዚያ አንዱ ስለ አንዷ «ጎበዝ ሃከር ናት» ካለ፣ ባንክ ሰብራ ገባች ማለቱ አይደለም። የፕሮግራሙን ሆድ ዕቃ ታውቀዋለች፣ የተበላሸ ነገር ካየች ምክንያቱን ሳታገኝ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ያገኘችውንም ሳትሰስት ለሁሉም ትሰጣለች ማለቱ ነው።

በዚህኛው በር እንዴት እንደሚገባ ልንገራችሁ። የጻፍኩት ትንሽ ትንሽ ኮድ ለሚሞክር፣ ላፕቶፕና የሚቆራረጥ ኢንተርኔት ላለው ሰው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ የኛ ናቸው ካላልኩ በቀር የፈረንጅ ናቸው።

ታሪኩን ቶሎ ልለፈው

ነገሩ የጀመረው አሜሪካ፣ ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያ የሞዴል ባቡር ክበብ ነበር። የተወሰኑት አባላት ባቡሩ ብዙም አይገዳቸውም፤ የሚወዱት ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የሽቦና የማብሪያ ማጥፊያ ጣጣ ነበር። አንዱ ቆንጆ መላ ሲያመጣ «ሃክ» ይሉታል። በ1961 ፒዲፒ-1 የሚባል ኮምፒዩተር ግቢው ሲገባ እነዚሁ ልጆች ተረባረቡበት፤ በ1962ም ስፔስዋር የሚባለውን ጨዋታ ሠሩበት። ኮዱን የፈለገ ይወስዳል፣ ያሻሽላል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ጂኤንዩ የሚባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ያወጀው ከዚሁ ግቢ ባሕል ወጥቶ ነው። በ1991 ደግሞ የ21 ዓመቱ ፊንላንዳዊ ሊነስ ቶርቫልድስ «ለመዝናኛ ያህል ነው» እያለ ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለቀቀ። «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ዘግይቶ ነው፣ በ1998።

በ1980ዎቹ ግን ጋዜጦቹ ቃሉን ወስደው ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ሰርጎ ለሚገባው ሰጡት። የድሮዎቹ ተናደዱ። ለሰርጎ ገቡ «ክራከር» የሚል ስም አወጡለት፣ በ1993 የወጣው የኢንተርኔት ቃላት መፍቻም ሁለቱን ለያይቶ አስቀመጣቸው። ሰሚ አላገኙም። ሠፈራቸው ውስጥ ግን እስከ ዛሬ በራሳቸው ትርጉም ይጠሩበታል። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ገንቢዎች የሚወያዩበት የኢሜይል ዝርዝር ስሙ «ሃከርስ» ነው። ብዙ የቆዩ ፕሮጀክቶች ውስጥ «ሃኪንግ» የሚል ፋይል አለ፤ ብትከፍቱት የሚያስተምረው ኮዱን እንዴት እንደምታሻሽሉ እንጂ ስለ ስርቆት አይደለም። ሃካቶን የሚለውም ቃል ቢሆን ኦፕንቢኤስዲ የሚባለውን ሲስተም የሚሠሩ ሰዎች በ1999 ካናዳ፣ ካልጋሪ ላይ ተሰብስበው ኮድ ሲጽፉ የሰየሙት ነው።

ስሙን ያገኘ ሰው ምን ይመስላል?

ከትርጉም ይልቅ አንድ ሰው ላሳያችሁ። አንድሬስ ፍሮይንድ ይባላል፣ የፖስትግሬስ ገንቢ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በተጫነበት ማሽን የፍጥነት ልኬት እየሠራ ነበር። ልኬቱ እንዳይዛባ ማሽኑ ላይ ሌላው ሁሉ ጸጥ እንዲል ይፈልጋል። ከርቀት ወደ ኮምፒዩተር መግቢያ የሆነው ኤስኤስኤች ግን አላርፍ አለ፣ ሲፒዩ ይበላል። በዚያ በኩል ለመግባት የሚሞክሩት እኮ የተሳሳተ ስም የያዙ ናቸው፤ ወዲያው መባረር ነበረባቸው። ሲለካው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቷል።

ግማሽ ሰከንድ! አብዛኞቻችን ብንሆን «ኢንተርኔቱ ነው» ብለን ሻያችንን እንቀዳ ነበር። እሱ ግን ከሳምንታት በፊት ሌላ ቦታ ያየው ግራ የሚያጋባ የስህተት መልእክት ትዝ አለው። ሁለቱን አገናኝቶ ሲቆፍር ኤክስዜድ የሚባል፣ ፋይል የሚጨምቅ፣ ማንም ልብ የማይለው ሶፍትዌር ላይ ደረሰ። በስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የኋላ በር፣ ማለትም ሰርጎ ገብ በድብቅ የሚገባበት ኮድ፣ ተቀብሮበታል። ማርች 29 ቀን ያገኘውን ሁሉ በይፋ ጻፈ፤ በሩም ወደ ዓለም ሰርቨሮች በሰፊው ሳይዛመት ተዘጋ።

በሩን የቀበረው «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚሠራ አንድ አካል ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት ጥሩ ጥሩ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) እየላከ፣ ፕሮጀክቱን ብቻውን ተሸክሞ የደከመውን ሜንቴይነር (የፕሮጀክቱን ኃላፊ) እያገዘ፣ አመኔታ አግኝቶ ነው ቁልፉን የተረከበው። ሁለቱም ኮድ ያውቃሉ። ጋዜጣ ቢጽፈው ሃከር የሚለው ጂያ ታንን ነው። ኦፕን ሶርስ ሰፈር ግን ሃከሩ ፍሮይንድ ነው፣ ክርክር የለውም። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው የፍሮይንድን ችሎታ እንኳ አይደለም። «ለምን?» ብሎ መቆሙን ነው። እሱ ደግሞ ዲግሪ አይጠይቅም።

ሶፍትዌር ምረጡ

ጀማሪ ሁሉ ሊኑክስ ከርነልን (የሲስተሙን እምብርት) ካልነካሁ ይላል። ይቆያችሁ። ዛሬ ስትጠቀሙበት ያናደዳችሁን ነገር ምረጡ፤ ንዴት ጥሩ ነዳጅ ነው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ሥራው ሲሰለች የሚያስቀጥላችሁ እሱ ነው።

እኛ ደግሞ ሌላው የማይታየው ነገር ይታየናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ፊደል የሚለዩበት የጋራ ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ፊደሉ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ዙሪያው ያለው ሥራ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። «ጸሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። አራት ነጥብ የዓረፍተ ነገር ማብቂያ መሆኑን የማያውቅ ፕሮግራም ሞልቷል። ትርጉሙ ረዝሞ ከሳጥኑ የወጣ ቁልፍማ የማየት ዕድሉ ያልገጠመው የለም። ኪማን የሚባለው የኪቦርድ ሶፍትዌር ኮዱ ክፍት ነው፣ የአቢሲኒካና የኖቶ ኢትዮፒክ ፎንቶችም ክፍት ናቸው። ሄልሲንኪ የተቀመጠ ሊቅ ሊያየው የማይችለውን ስህተት እናንተ በዓይናችሁ ለይታችሁ ታውቁታላችሁ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የፕሮጀክቱን ገጽ ስትከፍቱ ኮዱ ላይ አትዝለሉ። ሪድሚ የሚባለውን የመግለጫ ፋይል አንብቡ። ኮንትሪቢዩቲንግ ወይም ሃኪንግ የሚል ፋይል ካለ እሱን። ከዚያ ላይሰንሱን፣ ማለትም የአጠቃቀም ፈቃዱን። ላይሰንስ ከሌለው፣ ኮዱ ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ቢታይም ኦፕን ሶርስ አይደለም፤ ባለቤቱ እንድታዩት ፈቀደ እንጂ እንድትነኩት አልፈቀደም። በመጨረሻም የመጨረሻው ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) መቼ እንደሆነና ሰዎች ለሚከፍቱት ጥያቄ መልስ ያገኙ እንደሆነ ተመልከቱ። ዓመት ሙሉ ማንም ያልመለሰበት ፕሮጀክት ላይ ጉልበታችሁን አትጨርሱ።

አውርዱት፣ አስነሱት፣ ስበሩት

የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት አንድ ፕሮጀክት ሲያወርድ ከነሙሉ ታሪኩ ነው የሚያወርደው። በሞባይል ዳታ ለምትሠሩ ይህ ጥቅል ይጨርሳል። ስታወርዱ «ዴፕዝ 1» (--depth 1) የሚለውን ምርጫ ጨምሩበት፤ የቅርቡን ብቻ ያመጣላችኋል። ታሪኩ ሲያስፈልጋችሁ በኋላ መሙላት ይቻላል።

ከዚያ ከራሳችሁ ማሽን ላይ አስነሱት። አይነሳም። መጀመሪያ ቀን የሚነሳ ነገር የለም፤ አንድ ላይብረሪ ይጎድላል፣ ስሪቱ አይገጥምም፣ መመሪያው ድሮ የተጻፈ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው፣ የመጀመሪያው ሥራችሁ የተቀመጠውም እዚሁ ነው። መመሪያው የሳተበትን እያንዳንዱን ቦታ ማስታወሻ ያዙ። ነገሩ ሲነሳላችሁ ያንን ማስታወሻ ወደ ሪድሚ ማስተካከያ ቀይራችሁ ላኩ። የቆዩት ገንቢዎች ይህንን ሊያዩት አይችሉም፤ እነሱ ዘንድ ሁሉም ነገር ከተጫነ ቆይቷል። አዲስ ዓይን ያላችሁ አሁን ብቻ ነው።

ሲነሳላችሁ ደግሞ ሆን ብላችሁ አበላሹት። አንድ መስመር ሰርዙና ምን እንደሚሆን እዩ። ቁጥር በሚጠብቅበት ቦታ ፊደል ስጡት። ኮድ ከላይ እስከ ታች በማንበብ የገባው ሰው አላውቅም፤ በመነካካት ግን ይገባል። ማሽኑ የናንተ ነው፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ጳጉሜ 6ን እንያዝ

አሁን አንድ ስህተት ከሥሩ እንከተል። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር አንድ ፕሮግራም አገኛችሁ እንበል። ጳጉሜ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፣ ይህንን እማማም ያውቁታል። ካሊፎርኒያ ያለው ፕሮግራመር ግን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን ሕግ ነው፤ የመቶዎቹን ጣጣ ትተን፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ምንም ካልቀረ ፌብሩዋሪ 29 ትኖራለች። ያንን ሕግ እንዳለ ወደ እኛ ከገለበጠው ባለ 6 የሚያደርገው ዘመነ ዮሐንስን ነው። የኛው ሕግ ሌላ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር።

በ2015 ዓ.ም. ሞክሩት። ለ4 ሲካፈል 503 ደርሶ 3 ይቀራል። ስለዚህ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበረች፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ዋለች። እንቁጣጣሽም በማግስቱ ሴፕቴምበር 12 ሆነ። ፕሮግራሙ የ2016ን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ላይ ካዋለው ስህተቱን ያዛችሁት።

አሁን ይህንን ሪፖርት አድርጉ። በፊት ግን ሌላ ሰው ከፍቶት እንደሆነ ፈልጉ። ከሌለ ጻፉ። «ካሌንደሩ አይሠራም እባካችሁ አስተካክሉ» ብሎ የጻፈ ሰው መልስ ባያገኝ አይገርምም። እንዲህ ያለው ግን ያገኛል፦ «ስሪት ይህን እጠቀማለሁ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ሳስገባ ልክ ያልሆነ ቀን ነው ይለኛል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023ን መመለስ ነበረበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜ 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር ነው፤ ኮዱ ግን ዜሮ ሲቀር ብሎ ነው የሚያሰላው፣ መስመሩ ይሄ ነው።» ያደረግሁት፣ ያገኘሁት፣ መሆን የነበረበት፣ ለምን። በእንግሊዝኛ ትጽፉታላችሁ፤ ሰዋስው ቢሳሳት ችግር የለም፣ ቁጥሩ ከተስተካከለ ይበቃል።

ማስተካከያውንም ራሳችሁ ላኩ። ስትልኩ አንድ ፓች አንድ ነገር ብቻ ይሥራ። እግረ መንገዴን ብላችሁ የሌላውን ፋይል ክፍተት አታስተካክሉ፣ የተለዋዋጮቹን ስም አታሳምሩ፤ አንባቢው ዋናውን ለውጥ ከጌጡ መለየት ያቅተዋል። ቴስት፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ፣ ጨምሩበት። ጳጉሜ 6 ቀን 2011 እና 2015 ዓ.ም. መቀበል አለበት፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.ን ደግሞ ልክ አይደለም ብሎ መጣል አለበት። ቴስቱ ከማስተካከያችሁ በፊት መውደቁን፣ ከዚያ በኋላ ማለፉን በዓይናችሁ እዩ። የኮሚት መልእክታችሁ ላይ ምን እንደቀየራችሁ በአንድ አጭር መስመር፣ ለምን እንደቀየራችሁ ደግሞ ከሥሩ ዘርዘር አድርጉ። ምን የሚለውን ኮዱ ራሱ ያሳያል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው የሚቸገረው ለምን በሚለው ነው።

ይሉኝታን በር ላይ ተዉት

የኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ኮዱ ላይ አይደለም። ጨዋነታችን ነው የሚያሰናክለን። ሦስት መስመር ሰላምታ፣ «ሰር»፣ «ስለማስቸግርዎ በጣም ይቅርታ»፣ ከዚያ «አንድ ጥያቄ መጠየቅ እችላለሁ?» ብሎ መልስ መጠበቅ። ሜንቴይነሩ ሌላ አህጉር ላይ ተኝቷል። ሲነቃ «ጠይቅ» ይላል፣ እናንተ ማታ ታዩታላችሁ፣ አሁን ደግሞ እሱ ተኝቷል። ጥያቄው ሳይነሳ ሁለት ቀን ሄደ። በመጀመሪያ ስሙ ጥሩትና ጥያቄውን ከነማስረጃው አስቀምጡት። አንድ «ሰላም» በቂ ነው፣ ማንም አይቀየማችሁም።

ሌላው የውስጥ መስመር ነው። ሰው ፊት መሳሳት ያሳፍራልና ጥያቄውን በግል እንልካለን። አታድርጉት። በአደባባይ የተጠየቀ ጥያቄ መልሱ ለሚቀጥለውም ሰው ይቀራል፣ አንዱ ባይመልስ ሌላው ይመልሳል። እዚያ ሰፈር የሚያስንቀው ራሳችሁ ምንም ሳትሞክሩ መጠየቅ ነው። «ይህን ሞከርኩ፣ ይህ መጣ፣ እዚህ ጋ ቆምኩ» ካላችሁ ጥያቄው የቱንም ያህል ጀማሪ ቢሆን ይከበራል።

ፓቹ ሲታይ ደግሞ አስተያየት ይዘንብባችኋል። አሥር መስመር ልካችሁ ከዚያ የሚበልጥ አስተያየት ብታገኙ የተለመደ ነው። «ይሄ ለምን አስፈለገ?» የሚለው ስድብ አይደለም፣ እውነት ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነው። እያንዳንዱን መልሱ። የተስማማችሁበትን አስተካክሉ፣ ያልተስማማችሁበትን በማስረጃ ተከራከሩ፤ «እሺ» ብቻ የሚል ሰው ለሜንቴይነሩም አይጠቅመውም። ይህ ማለት ግን ስድብ ቻሉ ማለት አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በኃይለኛ ኢሜይሎቹ የታወቀ ነበር፣ በ2018 ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል ብሏል። ሰው የሚያንቋሽሽ ፕሮጀክት ካጋጠማችሁ ትታችሁ ሂዱ፣ ኮድ በየቦታው አለ።

መልስ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ታገሡና አንዴ አስታውሱ። በየቀኑ «እባካችሁ እዩልኝ» ማለት ከወረፋው መጨረሻ ይወስዳችኋል። አብዛኞቹ ከሥራ ሲወጡ፣ ልጅ አስተኝተው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

ስም የሚያጠፉ ነገሮች

በ2020 ሃክቶበርፌስት በሚባለው ዓመታዊ ዝግጅት ላይ ፑል ሪኩዌስት (ማስተካከያዬን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ለላኩ ሰዎች ቲሸርት ይሰጥ ነበር። ለቲሸርቱ ሲባል ሪድሚ ላይ አንድ ቃል እየጨመሩ የሚልኩ ሰዎች ሜንቴይነሮቹን አስመርረው አስለቀሱ፤ አዘጋጆቹም ሕጉን ቀይረው ፈቃደኛ የሆነ ፕሮጀክት ብቻ እንዲሳተፍ አደረጉ። ዛሬ ቲሸርቱን ኤአይ ተክቶታል። ከርል የሚባለውን፣ በየስልኩና በየሰርቨሩ ያለውን ፕሮግራም የሚመራው ዳንኤል ስቴንበርግ በኤአይ የተጻፈ የውሸት የደህንነት ሪፖርት እንዳሰለቸው ደጋግሞ በይፋ ተናግሯል። ያልገባችሁን ኮድ እንዲያብራራላችሁ ኤአይን ጠይቁ፣ እኔም እጠይቃለሁ። መስመር በመስመር ልታስረዱት የማትችሉትን ነገር ግን በስማችሁ አትላኩ። «ይሄ ለምን አስፈለገ?» ሲመጣ መልሳችሁ ለመጠየቅ ወደ ማሽኑ የምትሮጡ ከሆነ ያስታውቃል።

የደህንነት ቀዳዳ ካገኛችሁ ደግሞ በአደባባይ ጠይቁ ያልኩት ምክር አይሠራም። ሴኩሪቲ የሚል ፋይል ፈልጉ፣ እዚያ ባለው አድራሻ በግል አሳውቁ፣ እስኪደፈን ዝም በሉ። የሰው ሰርቨር ላይ «ልሞክረው» ማለትም የለም። ያለፈቃድ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ዓመቱ የኛ ነው) ያስጠይቃል፤ «ለመማር ነው» የሚለው ምክንያት አያስጥላችሁም። መሞከሪያችሁ ላፕቶፓችሁ ነው።

ስሙንስ መቼ ነው የምትወስዱት? ራሳችሁ አትውሰዱት። ሙያ በልብ ነው፤ ራሱን ሃከር ብሎ ያስተዋወቀ ሰው እዚያ ሰፈር ፈገግታ ነው የሚያተርፈው። ሥራችሁን ያየ ሰው ሲላችሁ ተቀበሉ። ሲቪያችሁ ላይም ባትጽፉት ይሻላል፤ የመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ቃሉን የምታውቀው ከዜና ነው፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ፌስቡክ ትጠይቃችኋለች። «የኦፕን ሶርስ ሥራዎች» ብላችሁ የፕሮጀክቱን ስም፣ ያስተካከላችሁትን ነገር በአንድ መስመር፣ ተቀባይነት ያገኘውን ፓች ሊንክ አስቀምጡ። ሦስት ጥሩ ሊንክ ይበቃል።